ክላስ 66 ከቆመበት ሲነሳ ለምን ያጨሳል?

እንግሊዝ አገር የዕቃ ባቡር ጥገና ላይ የሚሠራ ወንድማችን ጽፎልኛል። አንድ ክላስ 66 ሎኮሞቲቭ ከቆመበት ሲነሳ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ኖች (የሞተሩ ጉልበት የሚጨመርበት የእጀታ ደረጃ) 7 ሲደርስ ይጠራል። ኢንጀክተሮቹ ተቀይረዋል፣ ለውጥ የለም። በቀደም ደግሞ የክራንክኬዝ (ክራንኩ ያለበት የሞተሩ የታችኛው ሆድ) ግፊት መከላከያው ሞተሩን አጠፋው፤ ወዲያው ክዳን ከፍተው አዩት።

ከመጨረሻው ልጀምር። ወንድሜ፣ ሞተር እንዲህ ሲጠፋ ቢያንስ 2 ሰዓት ሳይቀዘቅዝ ክዳን አይነካም። ውስጡ የጋለ የዘይት ትነት ነው፤ አየር ካገኘ ይፈነዳል።

ጭሱን በተመለከተ እኔ የምጠረጥረው የቱርቦውን (ለሞተሩ አየር የሚነፋውን ማሽን) ክላች ነው። ታች ኖች አጭሶ ላይኛው ኖች ላይ የሚጠራ ሞተር ያነሰው አየር ነው።

ይቺን ነገር ማስረዳት ስለምወድ ታገሡኝ። ኢደብሊውኤስ የተባለው የእንግሊዝ የዕቃ ባቡር ድርጅት 250 ክላስ 66 ከካናዳ አስመጥቶ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድሮዎቹን ሎኮሞቲቮች፣ እነ ክላስ 37ን፣ እነ ክላስ 47ን ሲተካ የሞተሩም ጠባይ አብሮ ተቀየረ። የድሮዎቹ ባለ አራት ምት ናቸው፤ ፒስተኑ ሲወርድ አየሩን ራሱ ይስባል። 66 ግን ባለ 12 ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ምት ነው። ፒስተኑ አየር አይስብም፤ የሚነፋለት ይፈልጋል። ታች ኖች ላይ ደግሞ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ቱርቦውን ለማሽከርከር አቅም የለውም። ስለዚህ ሞተሩ ራሱ ቱርቦውን በጥርስ ይነዳዋል። ጭሱ ሲበረታ ቱርቦው ጥርሱን ይቀድመዋል፣ ክላቹም ይለቀዋል። ሳይክል ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ብታቆም ጎማው መሽከርከሩን እንደሚቀጥል ማለት ነው። ክላቹ ካልያዘ ታች ላይ የሚነፋ የለም፤ ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውንና የኤርቦክስ (የተነፋው አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ከመግባቱ በፊት የሚጠራቀምበት ክፍል) ክዳኖቹን ጓርኒሲዮን እዩ። ርካሹ ጓርኒሲዮን ቶሎ ይደርቅና አየር ያሾልካል፤ ስንቱን አድክሞናል። ቀጥሎ ታች ኖች ላይ የኤርቦክሱን ግፊት ለኩና ከጤነኛ 66 ጋር አስተያዩ። ከዚያ ሞተሩን አጥፉ፣ እንዳይነሳ ቆልፉ፣ ሲቀዘቅዝ የአየር መግቢያውን ጎማ ፈትታችሁ የቱርቦውን ተሽከርካሪ በእጅ አዙሩ። በራሱ አቅጣጫ በነፃ መዞር፣ ወደ ኋላ ደግሞ መያዝ አለበት። በሁለቱም ከዞረ ክላቹ አልቋል፤ ቱርቦው ይውረድ። በእጅ ቢይዝም አትመኑት፣ በጉልበት ሊንሸራተት ይችላል። የሚወስነው ልኬቱ ነው።

ኢንጀክተር የቀየረው ሰው ራኩን (የነዳጁን መጠን የሚወስነውን ዘንግ) አስተካክሎት ይሆን? ሳይለኩ ዕቃ መቀየር ያናድደኛል፤ አሁን አንድ በአንድ አረጋግጡ። ሞተር እንደጠፋም ባትሪውን የሚቆርጥ ካለ አስቁሙት። ቱርቦውን የሚያቀዘቅዘው የዘይት ፓምፕ ግማሽ ሰዓት ያህል መሥራት አለበት፤ አለዚያ ኩሽኔታው ይቃጠላል።

ለክራንክኬዙ ግፊት የዘይት መለያውን (ዘይቱን ከትነቱ የሚለየውን) ወንፊት አውጥታችሁ እጠቡ። ዳግመኛ ከጠፋ ግን ሰዓት ያዙ፤ 2 ሰዓት ሳይሞላ ማንም ክዳን አይክፈት።