ስናፕሾት እያለኝ የማዳኛ ፍላሽ ለምን? ጥያቄና መልስ

ሲስተም ሲበላሽ የሚያድነው የማዳኛ ፍላሽ ነው ወይስ የቨርቹዋል ማሽን ስናፕሾት? የማዳኛ ፍላሽ የተበላሸን ኮምፒውተር የምናስነሳበት ፍላሽ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽን በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር ነው፤ ስናፕሾት ደግሞ ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ ይዞ በኋላ ወደዚያው የሚመልስ ነው። የደረሱኝን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰርቨራችን ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ በየሳምንቱ ስናፕሾት እናነሳለን። ፍላሽ ምን ይጨምርልናል?

መልስ፦ ስናፕሾትን እንደ መጠባበቂያ ቅጂ መቁጠሩን እባካችሁ ተዉት። ስናፕሾት ሲነሳ ነባሩ የዲስክ ፋይል ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው ሁሉ በአዲስ ፋይል ላይ ይከማቻል። ነባሩ ከተበላሸ አዲሱ ብቻውን አይነሳም። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም በአንድ ዲስክ ላይ ስለሚቀመጡ ዲስኩ ሲሞት አብረው ይጠፋሉ። በዚያ ላይ አዲሱ ፋይል በቆየ ቁጥር እያደገ ቦታ ይጨርሳል። የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር አምራቹ ቪኤምዌር አንድ ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ቨርቹዋል ማሽኖቹን የተሸከመው ኮምፒውተር ራሱ አልነሳ ካለ ደግሞ ስናፕሾት አይደርስላችሁም፤ ከፍላሽ አስነስታችሁ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ አለባችሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስናፕሾት መቼ ይጠቅማል?

መልስ፦ ማሻሻያ ልትጭኑ ስትሉ። ጫኑ፣ ፈትሹ፣ ደህና ከሆነ ስናፕሾቱን ሰርዙ። ወደ ስናፕሾቱ ስትመለሱ ግን ዳታውም ሁሉ አብሮ ወደኋላ እንደሚመለስ አትርሱ። በአንድ ወቅት የአንድ ንግድ ቤት የሂሳብ ሰርቨር ተበላሽቶ ሦስት ቀን ወደኋላ መለስኩት። በደቂቃዎች ተነሳ፤ የሦስት ቀን ደረሰኝ ግን አብሮ ጠፋ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ከወረቀቱ አንድ በአንድ መልሳ ስታስገባ አጠገቧ ተቀምጬ ቁጥሩን አነበብኩላት። ከዚያ ወዲህ ዳታቤዙን ለብቻው ሳላወጣ ምንም አልመልስም።

ጥያቄ፦ ስናፕሾቱን ስሰርዝ የዛሬው ሥራዬ ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም። መሰረዝ ማለት ለውጦቹን ከነባሩ ፋይል ጋር ማዋሃድ ነው። የሚያጠፋው ወደኋላ መመለስ ነው።

ጥያቄ፦ የክራውድስትራይክ ችግር ጊዜ የትኛው ጠቀመ?

መልስ፦ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የደህንነት ሶፍትዌር አምራቹ ክራውድስትራይክ ያወጣው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ አስቀራቸው። መፍትሔው አንድ ፋይል መሰረዝ ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹን ኮምፒውተሮች ሰው በአካል ሄዶ መንካት ነበረበት። ማይክሮሶፍትም ለዚሁ ሥራ የሚሆን የፍላሽ መሣሪያ አወጣ። የቨርቹዋል ማሽን ባለቤቶች የተበላሸውን ዲስክ ከጤነኛ ማሽን ጋር አገናኝተው ፋይሉን መሰረዝ ወይም ወደ ቀድሞ ቅጂ መመለስ ይችሉ ነበር። ፍላሽ ለያዙት ትልቁ እንቅፋት የዊንዶውስ ዲስክ ማመስጠሪያው ቢትሎከር ነበር፤ ባለ 48 አሃዙ ቁልፍ በእጅ ከሌለ የተመሰጠረው ዲስክ አይከፈትም። ቁልፋችሁን ዛሬውኑ በወረቀት ጽፋችሁ ከኮምፒውተሩ ርቆ በሚገኝ ቦታ አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ እኔ ያለኝ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ብቻ ነው።

መልስ፦ ፍላሽ። ለዊንዶውስ መጫኛ 8 ጊጋባይት ይበቃል። ላፕቶፑ ጤነኛ ሳለ አዘጋጁት፤ በእርግጥ እንደሚያስነሳም አንድ ጊዜ ሞክሩት።

ጥያቄ፦ ሃርድ ዲስኬ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀምሯል። ከፍላሽ አስነስቼ ልጠግነው?

መልስ፦ አይጠግኑት! የጥገና ፕሮግራም ደካማውን ዲስክ ደጋግሞ እያነበበና እየጻፈበት ይጨርሰዋል። ፋይሎቹ እጅግ የሚያስፈልጉዎት ከሆነ አሁኑኑ አጥፍተው ለባለሙያ ይስጡት። አለዚያ ከሊኑክስ ፍላሽ አስነስተው ዲዲሬስኪው በተባለው የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም መጀመሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡት፤ ጥገናውን በቅጂው ላይ ይሞክሩ።