አሸኑ መቼ ይፈላል? ስለ ውሃ ነፍሳትና ስለ ዓሣ ጥያቄና መልስ

በግልገል ጊቤ በኩል ስለ ፍላይ ፊሺንግ ካወራን ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ለማያውቀው ላስታውስ፦ መንጠቆው ላይ ትል አይሰካም። ላባና ክር ተጠቅልሎበት ነፍሳት እንዲመስል ይደረጋል። ስለዚህ እውነተኞቹ ነፍሳት ከውሃ ወጥተው ክንፍ የሚያወጡበትን ሰዓት ማወቅ ግድ ነው።

ጋሼ፣ ፈረንጆቹ በየወሩ የትኛው ነፍሳት እንደሚወጣ ሰንጠረዥ አላቸው። ለጅማስ የለም?

ወንድሜ፣ እዚህ አይሠራም። እነሱ ጋ ብርዱ የነፍሳቱን እድገት ይይዘዋል፤ ሙቀት ሲመለስ አብረው ይነሣሉ። ጅማ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። የቀኑ ርዝመት ብዙም አይለወጥ፣ ውሃውም እንደዚያ አይቀዘቅዝ። ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ይወጣሉ። እኛ ጋ ነገሩን የሚቀይረው ዝናብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎርፉ ድንጋዩን ሲያንከባልል ነፍሳቱንም ይጠርጋል። ውሃው ሲጠራ መልሰው ይበዛሉ።

ታዲያ ዛሬ ማታ መውጣት አለመውጣታቸውን በምን ልወቅ?

ድንጋይ ገልብጥ። ውሃው ከጉልበት በታች ሆኖ እየተንሿሿ የሚያልፍበት ቦታ ግባ። ቡጢ የሚያህል ድንጋይ አንሣና ሆዱን እይ። ጠፍጣፋ፣ ጅራቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀጭን ክር፣ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን የሚሸሽ ነገር ካየህ ሜይፍላይ የሚባለው የውሃ ነፍሳት ነው። አሁን ጀርባውን ተመልከት። ክንፉ የታጠፈበት ትንሽ ከረጢት አለ። ፈዛዛ ከሆነ ገና ነው። ጠቁሮ ካበጠ ግን መውጫው ደርሷል፤ ምናልባት ዛሬ ማታ ነው። ከዚህ የበለጠ የማምነው ምልክት የለኝም። ድንጋዩን እንደነበረ መልሰው፣ ቤታቸው ነው።

ቀጥለህ ድልድይ ሥር የሸረሪት ድር ፈልግ። አንድ ጠዋት ድሩ ላይ አመድ የተነሰነሰ መሰለኝ። ቀረብ ብዬ ሳይ ሁሉም ክንፍ ነው። መጠኑንና ቀለሙን አይቼ የሚመስለውን መንጠቆ አሰርኩ። ማታ 12 ሰዓት ገደማ እዚያው ቦታ ላይ ዓሣው ውሃውን ቀለበት በቀለበት አደረገው። ያን ማታ አልረሳውም።

ደመና ይሻላል ፀሐይ?

ደመና። አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ሲሆን አዲሱ ክንፍ ቶሎ አይደርቅም። ነፍሳቱ ውሃው ላይ ይቆያል፣ ዓሣውም ይደርስበታል።

ቡና ሲያብብ ዓሣ ይነሣል የሚባለው እውነት ነው?

ቡናው የሚያብበው ከበጋው ድርቀት በኋላ ጥሩ ዝናብ ካገኘ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ አበባው የሚነግርህ ዝናቡን ነው። ያው ዝናብ አሸኑንም ያፈላዋል። አሸን ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው እንጂ ከውሃ አይወጣም። ግን ነፋስ ውሃ ላይ ከጣለው ዓሣ አይምረውም። ጠዋት ደጃፍህ ላይ ክንፍ ተራግፎ ካየህ የምስጥ መሳዩን መንጠቆ ያዝ።

ጨረቃስ?

አትናቃት። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ፖቪላ የሚባል ሜይፍላይ በብዛት የሚወጣው ጨረቃ ከሞላች በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ይህ የታወቀው ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። እዚያው ሐይቅ ላይ እንደ ጭስ የሚነሡት ትንንሽ ዝንቦች ደግሞ አዲስ ጨረቃን ይከተላሉ። ግልገል ጊቤ ግድብ ዳር የምታመሹ ሁሉ ቀኑን ከጨረቃዋ ጋር መዝግቡ።

ጅማ ከተማ ውስጥ አዌቱ ወንዝ ላይ ድንጋይ ገለበጥኩ። ቀይ ትል ብቻ ነው ያገኘሁት።

እኔንም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ቅላቱ እንደኛ ደም ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ የሚያኖረውም እሱ ነው። ቆሻሻ ሲበዛ ሜይፍላይ ይጠፋል፣ ቀዩ ትል ይቀራል። ከከተማው በላይ ውጣና ሌላ ድንጋይ ገልብጥ። ያገኘኸውን ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።