በበረዶ ተራራ ላይ ሰዓትን ማወቅ

ጥያቄ፦ የጎንደር ነዋሪ ነኝ። ከደባርቅ ተነሥቼ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ራስ ደጀን ድረስ ሁለት ጊዜ በእግሬ ተጉዣለሁ። በመጪው ሚያዝያ ስዊዘርላንድ ከሚኖረው ወንድሜ ጋር በረዶ የለበሰ ተራራ ለመውጣት አስበናል። ወቅቱ ፀደይ ስለሆነ የበረዶ ናዳ አያሰጋም የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። በዚያ አገር ፀደይ የሚባለው ከእኛ በልግ ጋር የሚገጥመው ወቅት ሲሆን፣ አደጋውን የሚያመጣው ራሱ ሙቀቱ ነው። ወራቱን ሁሉ ተነባብሮ የከረመው በረዶ ቀን በፀሐይ ይቀልጣል፣ ሌሊት መልሶ ይጠጥራል። ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ጊዜ ላዩ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ማለዳ ላይ ይረገጣል፤ ረፈድ ሲል ግን የቀለጠው ውኃ ወደ ውስጥ እየሰረገ ንብርብሩን ያላላዋል፣ ያን ጊዜ ተረተሩ ማንም ሳይነካው ሊናድ ይችላል። ሰማዩ ደመና ለብሶ ካደረ በረዶው ሳይጠጥር ስለሚነጋ፣ በዚያን ቀን ጉዞውን እንዲተዉት አጥብቄ እመክርዎታለሁ።

በሰሜን ተራሮች ከሰዓት በኋላ ጉም ስለሚያስቸግር በማለዳ መነሣትን ሳይለምዱ አልቀሩም፤ ልማዱ እዚያም ይጠቅምዎታል። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው እኩለ ቀን ሳይደርስ ከዳገቱ ይውረዱ። ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው ወደ ምሥራቅ የዞረውን ተረተር ስለሆነ፣ እርሱን ከሁሉ አስቀድመው ይልቀቁ። እግርዎ ከቁርጭምጭሚት በላይ መስጠም ከጀመረ፣ ወይም የበረዶ እንክብሎች ከላይ እየተንከባለሉ ሲወርዱ ካዩ፣ ሰዓቱ አልፏል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ከለመዱት ይለያል። በእኛ ተራሮች የሚፈራው ከእግር በታች ያለው ገደል ነው፤ እዚያ ከራስ በላይ ያለውንም መፍራት ያስፈልጋል። አብዛኛው ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ካዘነበለ ዳገት ሲሆን፣ እርስዎ ሜዳ ላይ ቢቆሙም ወርዶ ይደርስብዎታል። አስጊውን ተረተር ስታቋርጡ አንዳችሁ እስኪያልፍ ሌላው አስተማማኝ ቦታ ላይ ቆሞ በዓይኑ ይከታተል።

በናዳ የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ሄሊኮፕተር በዚያ ጊዜ ውስጥ መድረሱ አጠራጣሪ ስለሆነ፣ የሚያወጣዎ አጠገብዎ ያለው ወንድምዎ ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ፣ በረዶ የሚወጋ ረጅም ዘንግና አካፋ ያዙ፤ ሳትነሡም አንዳችሁ መሣሪያውን ቀብራችሁ ሌላው በመፈለግ ተለማመዱ። ዳቮስ የሚገኘው የበረዶ ምርምር ተቋም የሚያወጣው የናዳ ማስጠንቀቂያ 5 ደረጃዎች አሉት። ደረጃ 3 መካከለኛ መስሎ እንዳያዘናጋችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሞተው በእርሱ ነው። በፀደይ ደግሞ ጠዋት ዝቅ ያለው ደረጃ ከሰዓት በኋላ ከፍ ሊል ስለሚችል፣ ሁለቱንም ያንብቡ።

ወደ ሰሜን ተራሮች ያለ ስካውት (የታጠቀ የፓርኩ ጠባቂ) እንደማይገቡ ሁሉ፣ እዚያም ለመጀመሪያው ጉዞ ተራራውን የሚያውቅ የአገሩን መሪ ይያዙ።