ጥሬውን ሸጠን በተወለወለው ዋጋ ሮያልቲ ተጠየቅን

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ፣ መዘዞ አካባቢ በማኅበር ተደራጅተን በአነስተኛ ደረጃ ፈቃድ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ እናወጣለን። ጥሬውን እንዳለ ለነጋዴ ሸጥን። ሮያልቲ፣ ማለትም ከማዕድኑ ለመንግሥት የሚከፈለውን ድርሻ፣ ልንከፍል ስንሄድ ግን ገማቹ «የኦፓል ዋጋ ይህ አይደለም» ብሎ ተቆርጦ የተወለወለ ድንጋይ በሚሸጥበት ዋጋ አሰላብን። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል?

መልስ፦ አይፈቅድም ባይ ነኝ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ሮያልቲን የሚያሰላው ምርቱ በተሸጠበት ዋጋ ነው። የሸጣችሁት ጥሬ ድንጋይ ነው፤ ቆራጩ በኋላ የሚጨምርበት ዋጋ የእናንተ ገቢ አይደለም። ፈቃዱን የሰጣችሁ ክልሉ ከሆነ ግን የክልሉን የሮያልቲ ደንብና የፈቃድ ውላችሁን ሳታነቡ ወደ ክርክር አትግቡ።

የገማቹ ጥርጣሬ መነሻ የለውም ማለቴ አይደለም። ወርቅ ንጽሕናው ይለካና በዓለም ገበያ ዋጋ ይሰላል። ኦፓል እንዲህ ያለ ተመን የለውም። ክብደታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ድንጋዮች አንዱ ቀለም ሲያፈልቅ ሌላው ድፍን ሆኖ ይቀራል። የመዘዞው ቡናማ ኦፓል ደግሞ የመሰንጠቅ ጠባዩ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ያማረው ከደረቀ በኋላ ላይተርፍ ይችላል። ያንን ኪሳራ የሚሸከመው ገዢው ስለሆነ ለጥሬው ዝቅ ያለ ዋጋ ቢሰጥ አይገርምም። ይህን በአቤቱታችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት።

በአልማዝ የምትታወቀው ቦትስዋና በከበሩ ድንጋዮች ላይ 10 በመቶ ሮያልቲ ታስከፍላለች። መለኪያዋ ዝምድና የሌላቸው ሻጭና ገዢ በማዕድን ማውጫው በር ላይ የሚስማሙበት ዋጋ ነው። የእኛ አገር ገማችም ሻጭና ገዢ ዝምድና ይኖራቸው እንደሆነ ሊያጣራ ይችላል። ገዢው የአንዱ አባል ወንድም ወይም የጥቅም ሸሪክ ከሆነ ከአሁኑ ተናገሩ፤ በኋላ ከተደረሰበት ደረሰኛችሁን ማንም አያምነውም።

ደረሰኝ ብቻውንም አይበቃም። በተለይ ድንጋዩ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ምን ዓይነት እንደነበር ማስረዳት ከባድ ነው። ለወደፊቱ ከሽያጭ በፊት በየደረጃው ለዩት፣ መዝኑት፣ ፎቶ አንሱት፣ ገዢው የፈረመበት ቃለ ጉባኤም ያዙ። ለአሁኑ የባንክ ዝውውሩንና በዚያው ሰሞን ሌሎች ማኅበራት ጥሬውን የሸጡበትን ሰነድ አሰባስቡ።

ጊዜው ግን ያሳስበኛል። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በታክስ ውሳኔ ላይ ቅሬታ ለማቅረብ የሚሰጠው 21 ቀን ነው። ሮያልቲ በዚህ ሥርዓት ይታያል ወይስ አይታይም ብላችሁ ስትከራከሩ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ፣ ውሳኔው ከደረሳችሁበት ዕለት ቆጥራችሁ በዚሁ ጊዜ ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ አስገቡ። ቅጂው ላይም ቀንና ማኅተም አስደርጉበት።