ንጹሕ ሆኖ የማይገባው እንግዳ፦ ስለ ካስካሞራስ ጥያቄና መልስ

ሰዎች ከራስ እስከ እግር በጥቁር ቀለም ተለቅልቀው የሚታዩበትን የስፔኑን የካስካሞራስ በዓል ፎቶ ለወዳጆቼ ካሳየሁ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። የቻልኩትን ልመልስ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኧረ እነዚህ ሰዎች ጋራዥ ውስጥ ነው እንዴ ያደሩት?

ብዙም አልተሳሳትክም። ድሮ የሚቀባቡት የሞተር ዘይትና ግሪስ ነበር። ዛሬ ታጥቦ የሚለቅ ቀለም ነው። ቦታው ደቡብ ስፔን፣ ግራናዳ አውራጃ። ጓዲክስና ባዛ የሚባሉ ሁለት ከተሞች አሉ፤ የሚራራቁት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጓዲክስ በየዓመቱ አንድ ሰው መርጣ ወደ ባዛ ትልካለች። ካስካሞራስ የሚባለው እሱ ነው። ሥራው የእመቤታችንን ምስል ከባዛ ይዞ መመለስ ነው። የባዛ ሰው ሥራ ደግሞ እሱን ማቆሸሽ።

ጥያቄ፦ ምስሉ የማን ሆኖ ነው?

ጠቡ እዚህ ላይ ነው። ባዛ ለወራት ተከባ ከቆየች በኋላ በ1489 መጨረሻ ከሙስሊሞቹ ገዢዎች ወደ ክርስቲያኖቹ ነገሥታት ወደ ኢዛቤላና ፈርናንዶ እጅ ገባች። ወዲያው አብያተ ክርስቲያናት መሠራት ጀመሩ። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ በ1490 ሁዋን ፔደርናል የሚባል የጓዲክስ ሠራተኛ ባዛ ውስጥ ሲቆፍር ዶማው አንድ ነገር ነካ። ከውስጥም «ማረኝ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ቢያየው የእመቤታችን ምስል። ስሟም በዚያው «የፒዬዳድ» ማለትም የምሕረት እመቤት ሆነ።

ከዚያማ ጭቅጭቅ ነው። ጓዲክስ «ያገኘው የኛ ልጅ ነው» አለች። ባዛ «የተገኘው በኛ መሬት ነው» አለች። ፍርዱ ምስሉ ባዛ ይቅር፣ ጓዲክስ ግን በየዓመቱ መጥታ በዓሉን ታክብር የሚል ሆነ። አንድ ነገር ተጨመረበት፦ ከጓዲክስ የመጣ ሰው አንዲት ጠብታ ሳይነካው ቤተ ክርስቲያኑ ከደረሰ ምስሉን ይውሰድ። እኔ ይህን ያሰበው ሰው ቀልደኛ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ተሳክቶለት ያውቃል?

ምስሉ አሁንም ባዛ ነው! በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከከተማው ዳርቻ ጀምሮ ይጠብቀዋል። ባለ ብዙ ቀለም ልብሱን ለብሶ፣ ጫፉ ላይ በገመድ ኳስ የታሰረበት ዱላ ይዞ ይሮጣል። ላ መርሴድ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ የሚታየው ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጥቁር መቀባታቸው በጥቁር ሰው መሳለቅ አይደለም ወይ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ግን ማንንም ሰው አይመስሉበትም። ነገሩ ቆሻሻ ነው፦ ዓላማው እንግዳውን ማበላሸት፣ ከዚያም እርስ በርስ መበላሸት።

ጥያቄ፦ መቼ ነው?

ሴፕቴምበር 6 ባዛ። በኛ ሁልጊዜ ጳጉሜን 1 ላይ ይውላል። ሴፕቴምበር 8 ባዛ እመቤታችንን በዑደት ታከብራለች። የኛ ሩፋኤል መሆኑ ነው። እኛ ጳጉሜን 3 ዝናቡ ይጠበን ብለን ስንወጣ፣ እነሱ ገና ጆሯቸው ውስጥ የቀረውን ቀለም እየፈተጉ ነው።

ሴፕቴምበር 9 ካስካሞራስ ወደ ጓዲክስ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ የገዛ አገሩ ሰው ይቀበለዋል አይደል?

በቀለም! ባዶ እጁን መጣ ብለው ይቀጡታል። ምስኪን፣ ሁለቴ ነው ፍዳውን የሚያየው። ግን ለቦታው የሚመኝ አይጠፋም፤ ክብር ነው።

ጥያቄ፦ እንግዳ መግባት ይችላል?

ማንም። በ2013 ስፔን ዓለም አቀፍ የቱሪዝም በዓል ብላ ስላወቀችው ከሩቅ የሚመጣም አለ። መጣል የማያሳስብህን ልብስ ልበስ። ፊትህንና እጅህን አስቀድመህ ቫዝሊን ቀባ፤ ቀለሙ ቶሎ ይለቃል። ስልክህን ሆቴል ተወው። ጫማህንም ተሰናበተው።