የቅድመ አያት መቃብር ፍለጋ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአባቴ አያት ከሐረር ወጣ ባለ ገጠር እንደተቀበሩ እንሰማለን እንጂ ቦታውን የሚያሳየን አላገኘንም። የአባቴ ወገን ኦርቶዶክስ፣ የእናቴ ወገን ሙስሊም ነው። ከየት ልጀምር? የማንኛው ወገን መቃብር እንደሆነስ በምን እለያለሁ? (ከሐረር)

መልስ፦ ገጠር ከመውረድዎ በፊት የክርስትና ስማቸውን ያጣሩ። ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው ገብረ ሥላሴ ወይም ወልደ ማርያም በመሰለ ስም ነው፤ ድንጋይ ተጽፎላቸው ከሆነም የተጻፈው በዚያው ሊሆን ይችላል። ከቀበሌ መዝገብ ብዙ አይጠብቁ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ገና በሐምሌ 2008 ነው።

ሽማግሌ ሲያገኙ «በስንት ዓመተ ምሕረት ሞቱ?» አይበሉ። ባቡር ድሬዳዋ ሲገባ ነበሩ? የኅዳር በሽታን አልፈዋል? ጣሊያን ደርሶባቸዋል? ብለው ይጠይቁ። ባቡሩ 1895፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ጣሊያን ሐረር የገባው ሚያዝያ 1928 ነው። «በዘመነ ሉቃስ» የሚል ካገኙ ትልቅ ዕድል ነው፦ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ዮሐንስ። ከበሽታው በኋላ፣ ጣሊያን ሳይገባ፣ በዘመነ ሉቃስ የሞተ ሰው እንግዲህ በ1911፣ 1915፣ 1919፣ 1923 ወይም 1927 ነው የሞተው።

አሁን ወደ መቃብሩ። ብዙ ሰው የሙስሊምና የክርስቲያን መቃብር በተጋደመበት አቅጣጫ ይለያል ይላል፤ በእኛ አካባቢ ይህ ያሳስታል። መካ ከሐረር በስተ ሰሜን ናት፣ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ምዕራብ ታዘነብላለች። ሙስሊሙ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ፣ ስለሚዞር ራሱ በምሥራቅ፣ እግሩ በምዕራብ ይውላል። ኦርቶዶክሱ በትንሣኤ ቀን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ እንዲነሣ ራሱ በምዕራብ ይደረጋል። ስለዚህ ሁለቱም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተጋድመው ያገኟቸዋል። ማየት ያለብዎት ራስጌውን ነው፦ ዋናው ድንጋይ ወይም መስቀሉ በየትኛው ጫፍ ቆሟል? በሁለቱም ጫፍ ድንጋይ ከቆመ የሙስሊም መሆኑ ያመዝናል። የስልክዎን ኮምፓስ ግን እንደ ዳኛ አይቁጠሩት፤ ድሮ የተቆፈረው በዓይን ግምት ነው።

በጫትና በማሽላ ማሳ ዳር ያለ የድንጋይ ክምር ሁሉ መቃብር አይደለም። አብዛኛው ገበሬው ከማሳው የለቀመው ነው። መቃብር ወጥ ርዝመት አለው፣ ዙሪያው በድንጋይ ይታጠራል፣ አንዳንዴም እሬት ተተክሎበት ይገኛል። ክብና በጣም ሰፊ ከሆነ፣ ሰዉም «የሐርላ ነው» (በአካባቢው በጥንት ዘመን የኖረ ሕዝብ ነው) ካለዎት፣ ከእርስዎ ቅድመ አያት እጅግ የቀደመ ስለሆነ አይንኩት፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርን ይከለክላል። ኦሮምኛ ካልቻሉ የሚችል ሰው ይዘው ይሂዱ፣ የማሳውንም ባለቤት ሳያስፈቅዱ አይግቡ።

ጥያቄ፦ ድንጋዩን አግኝተናል፣ ጽሑፉ ግን አይነበብም። በበረኪና ወይም በአሲድ ብናጥበው ይሻላል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አይሻልም። የኖራ ድንጋይ ከሆነ አሲዱ ፊቱን ከነፊደሉ ያሟሟዋል። በረኪና ደግሞ ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨው ድንጋዩ ውስጥ ሲደርቅ ላዩን እየሰነጠቀ ያረግፈዋል። ንጹህ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። የሽቦ ብሩሽ፣ ጠመኔና ከሰልም ይቅሩ።

ከማጠብ ይልቅ የሚያነብልዎ ብርሃን ነው፣ እሱም ከጎን ሲመጣ። የተጋደመ ድንጋይ ጠዋት 1 ሰዓት ወይም ማታ 11 ሰዓት ላይ ይነበባል። የቆመና ፊቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ ግን ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታው ፊደሉ ይጠፋል፤ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይ ከላይ ገጹን ታክካ ስትወርድ ፎቶ ያንሡት። ወደ ምዕራብ ለዞረው ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ።

በግዕዝ ቁጥር ፮ እና ፯ ሲያረጁ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱንም ዓመት ይጻፉና ከሽማግሌው ቃል ጋር ያስተያዩ። ዓመቱ በዐረብኛ ከተጻፈ የሂጅራ ነው፦ በ0.97 አባዝተው 614 ይደምሩበት። 1325 ሂጅራ 1899 ዓ.ም. ይሆናል፤ አንድ ዓመት ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል።