ከጎጆ የወጡት የት ያድራሉ? ለጠየቀችኝ ተማሪና ለጓደኞቿ

ከዳላስ ወጣ ብላ በምትገኝ ከተማ የምትኖር አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባለፈው ሰኔ እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ ግቢያችን በሰቀልናቸው ቅሎች ውስጥ ያደጉት የፐርፕል ማርቲን ጫጩቶች ጠዋት በረው ወጡ። ሲመሽ የአንደኛው ቅል ልጆች ተመልሰው አደሩ፤ የሌላኛው ግን አልመጡም። አባቴ ‹ከእንግዲህ ምን ቀራቸው፣ ምሰሶውን አውርደን ቅሎቹን እንጠባቸው› ይላል። ያልመጡት ጠፍተው ነው? የመጡትስ እስከ መቼ ይፈልጉናል?» መልሱን ወዲያው ልጽፍላት ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ፤ የጠየቀችኝ ነገር በዱር እንስሳት ሙያ ካሳለፍኩት ዕድሜ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ስለነካብኝ ነው። ወፍ መመልከት የጀመራችሁ ሌሎች ልጆችም ስላላችሁ ለሁላችሁም ልጻፈው ብያለሁ።

ለማያውቃት ሰው፣ ፐርፕል ማርቲን በአየር ላይ ነፍሳትን እያደኑ ከሚኖሩትና ስዋሎ ከሚባሉት የሰሜን አሜሪካ ወፎች ሁሉ ትልቋ ናት። የብርዱን ወራት ደቡብ አሜሪካ፣ በተለይም ብራዚል አሳልፋ ወደ ቴክሳስ በየካቲት ገደማ ትመለሳለች። ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ሰው ካዘጋጀላት ቤት ውጭ የምትፈለፍልበት ቦታ የላትም ማለት ይቻላል፤ ቾክቶና ቺካሶን የመሳሰሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ ቅል ይሰቅሉላት ነበር። ጫጩቶቹ ከአራት ሳምንት በኋላ ይበራሉ። መጻሕፍቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ያቆምኩት እዚሁ ነበር።

አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀን ቀን በአንድ ጥናት ላይ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ መሀል ዳላስ ያለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ትኬት እቆርጣለሁ። ከምንከታተላቸው ቦታዎች አንዱ ከከተማው በስተሰሜን የሚኖሩ የአንዲት አዛውንት ግቢ ነበር። የምሞላው ቅጽ ለእያንዳንዱ ቅል «ጠዋት» እና «ማታ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ነበሩት። ጠዋቱን በጥንቃቄ እሞላለሁ፤ ማታውን ግን ፈረቃዬ እንዳያልፍብኝ ፀሐይ ገና ከፍ እንዳለች ስለምነሳ ባዶውን እተወዋለሁ። አዛውንቷ በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ «ዋናውን ነገር ሳታይ ነው እኮ የምትሄደው» ይሉኝ ነበር። እኔም ፈገግ ብዬ እጅ ነስቼ እሄዳለሁ። ማታ ማታ ዘመድ የማይጠይቃቸው አሮጊት ጨዋታ ፈልገው ነው ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ ሰኔ ላይ የማቆሚያው ሕንፃ ለጥገና ተዘጋና አመሸሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግቢው ሰው የለቀቀው ቤት መስሎ ነበር። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከጎረቤት የፒካን ዛፎች በላይ የአንዲት እናት ሻካራ ድምፅ ተሰማ፤ ከኋላዋም ሆዳቸው ነጣ ያለ፣ ክንፋቸውን ገና በቅጡ ያላዘዙ አምስት ልጆች ተከትለዋት መጡ። እናቲቱ የወጡበት ቅል ውስጥ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ በሩ ላይ ተንጠልጥላ ትጣራለች፤ ልጆቹ ግን ምሰሶውን እየዞሩ ማረፍ አቃታቸው። ቅሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ በሩም አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው ተሳስቶ ገና ጫጩት ያለበት የሌላ ቤተሰብ ቅል ላይ አረፈ። የዚያ ቤት አባወራ ብቅ ብሎ በመንቁሩ አንገቱን ያዘውና ሁለቱ እንደተያያዙ እየተሽከረከሩ ሣሩ ላይ ወደቁ። የልጁ አባት ከላይ እየጮኸ ተወርውሮ መጣ፤ ያን ጊዜ ልጁ አመለጠና የመብራት ሽቦው ላይ ወጥቶ ላባው ተንጨባሮ ተቀመጠ። አራቱ አንድ በአንድ ገቡ። እናት ለአምስተኛው ስትመላለስ ቆየች፤ እሱ ሲገባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው፣ እኔም ቅሉን የማየው እንደ ጥላ ብቻ ነበር።

የሚቆጨኝ እንግዲህ ይህ ነው። ያ ሣር ላይ የወደቀ ልጅ በእኔ ቅጽ ላይ ገና ጠዋት «በተሳካ ሁኔታ ከጎጆ የወጣ» ተብሎ ተመዝግቧል። ማታ ድመት ቢያገኘው ኖሮም ቁጥሩ አይለወጥም ነበር። እነዚያን ወቅቶች ሁሉ ስንት ቤተሰብ ለማደር እንደተመለሰ፣ ስንት ልጅ የሌላ ቤት በር ላይ እንደተደበደበ የሚነግር አንድም መስመር የለኝም። የበለጠ የሚገርመው ከዚያ ግቢ ብዙም በማትርቅ ሸርማን በምትባል ከተማ ቻርልስ ብራውን የሚባል ልጅ ማርቲኖችን ማጥናት የጀመረው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ነው፤ ጫጩቶቹ ከጎጆ ከወጡ በኋላ ስለሚያደርጉት ነገር የጻፈውን ጥናት በ1978 ሲያሳትም ተማሪ ነበር። በኋላ በሌላ የወፍ ዝርያ ላይ በኔብራስካ ባካሄደው ረጅም ጥናት ታወቀ። እሱን ለየት ያደረገው መሣሪያ አይመስለኝም፤ እስኪጨልም መቀመጡ ነው።

ለወፍ ብላችሁ እንጀራችሁን ተዉ አልላችሁም። በዚያ የማታ ሥራ እናቴን ጦሬበታለሁ፣ አንድም ምሽቱ አይጸጽተኝም። ይሁን እንጂ አንዳችሁ ዛሬ እንዲያ ሆናችሁ ብታማክሩኝ፣ ለአንድ ሳምንት ፈረቃ የሚቀይራችሁ ጓደኛ ፈልጉ ነው የምለው፤ ሁለቱ ንግግሬ እንደማይጣጣም አውቃለሁ።

ልጄ፣ ያልተመለሱት ጠፍተዋል አትበዪ። ወላጆች ልጆቻቸውን ከግቢው አርቀው አንድ ደረቅ የዛፍ ጫፍ ወይም ሽቦ ላይ ይሰበስቧቸዋል፤ እዚያ ይመግቧቸዋል፣ በድምፃቸው ይለዩአቸዋል። ከፊሎቹ ቤተሰቦች ለጥቂት ምሽቶች፣ አንዳንዴም እስከ ሳምንት ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ያድራሉ፤ ሌሎቹ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ዛፍ ላይ ማደር ይመርጣሉ። ከሁለት አንዱ ብቻ ልክ ነው ብዬ መናገር አልችልም። አባትሽን ግን ምሰሶውን ለጊዜው ይተውልን በያቸው፤ ሌሎቹ ቅሎች ውስጥ ዘግይተው የተፈለፈሉ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ከሦስት ሳምንት ያለፈው ጫጩት ቤቱ ሲነካበት መብረር ሳይችል ዘሎ ይወጣል። ማንም ለማደር መምጣት ሲያቆም አውርዳችሁ እጠቡ፤ ድንቢጥና ስታርሊንግ የሚባለው ወፍ እንዳይገቡበትም በሮቹን ድፈኑ።

የዛሬ ልጆች ጫጩቱ በሩ ላይ ቆሞ ሲበር ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ትለጥፋላችሁ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ነገር ታልፋላችሁ። ማምሸትን እንደ ቅጣት የምታዩት ይመስለኛል። ይህን ስል ግን ስልካችሁ እኔ ያልነበረኝን እንደሚሰጣችሁም አልክድም። ማርቲኖች ቤተሰባቸው ከተበተነ በኋላ ወደ ብራዚል ከመጓዛቸው በፊት በመቶ ሺዎች ሆነው በአንድ ቦታ ያድራሉ፤ ጎህ ሲቀድ ከዚያ በየአቅጣጫው ሲነሱ የአየር ሁኔታ ራዳር ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀለበት ሆነው ይታያሉ። በሐምሌ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት የአካባቢያችሁን ራዳር ክፈቱና ፈልጉት። ልጅ ሳለሁ ዝዋይ ዳር ከአውሮፓ የመጡት ዘመዶቻቸው ሲመሽ ፊላው ውስጥ እንደ ዝናብ ሲወርዱ አይቻለሁ፤ ከየት ተነስተው እንደመጡ ግን የሚነግረኝ አልነበረም።

የማደሪያው ቦታ ሁልጊዜ ጫካ እንዳይመስላችሁ። በሉዊዚያና የፖንቻትሬን ሐይቅ ድልድይ ሥር ያድራሉ። በሰሜን ካሮላይና በሮኖክ ደሴት ያለው የአምስቴድ ድልድይ ላይ መኪና ብዙ ስለገደላቸው፣ በማደሪያቸው ወራት ንጋትና ምሽት ላይ ማስጠንቀቂያው ብልጭ ሲል አሽከርካሪው በሰዓት ወደ 20 ማይል እንዲቀንስ ተደርጓል። በ2020 ናሽቪል መሀል ከተማ በሲምፎኒው አዳራሽ ዛፎች ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሰፍረው፣ በጭስ ሊያባርሯቸው ታስቦ የከተማው ሰው ሲቃወም ቀርቷል። ለእኛ የሚቀርበን ኦስቲን ነው፤ እዚያ በገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ዛፎች ላይ ያድራሉ፣ ትራቪስ ኦዱበን የሚባለው የወፍ ወዳጆች ማኅበር ሰዎችም በሐምሌ ምሽቶች ተሰብስበው ያሳያሉ። ቦታው ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ፤ ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ መኪናችሁን ከዛፎቹ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ባርኔጣም አድርጉ፤ ሽቅብ ስታዩ ደግሞ አፋችሁን ዝጉ።